ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ልጅ ውጭ አገር ለመማር ከምን ይጀምር?

በየሳምንቱ አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። «ተመርቄያለሁ፤ ውጭ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከቤታቸው ዩኒቨርሲቲ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ናቸው። እኔም እንደዚያው ነኝ። አባቴ ገበሬ ነው። ፓስፖርት በእጄ የያዝኩት የራሴን የተቀበልኩ ቀን ነው።

ወላጁ የተማረ ልጅ ብዙውን ነገር ማዕድ ላይ ይሰማዋል። ትራንስክሪፕት ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ለመምህር ከወር በፊት እንደሚነገር፣ ቅበላ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት የተለያዩ እንደሆኑ። እኛ ቤት ይህን የሚነግር የለም። ስለዚህ ማስታወቂያ ስናይ ወረቀት መሰብሰብ እንጀምራለን፤ ወረቀቱ ሲሟላ ቀኑ አልፏል። እዚህ የምነግራችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ እንድትሠሩ ነው፦ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ስኮላርሺፕ።

መመሪያው ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ለያዘ ወይም የመጨረሻ ዓመት ላይ ላለ፣ ከኪሱ መክፈል ለማይችል ሰው ነው። ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ አውሮፕላኑ አንድ ዓመት ያህል ያዙ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ቢያንስ ሁለት ዓመት ቀሪ ዕድሜ ያለው ፓስፖርት
- ዲግሪ ወይም ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ)፣ እንዲሁም ትራንስክሪፕት
- የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና የልደት ሰርተፊኬት
- ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ
- ከተቻለ የአይልትስ ወይም የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ውጤት
- ሪኮመንዴሽን የሚጽፉላችሁ ሦስት ሰዎች (ሁለት ቢበቃም አንዱ መጠባበቂያ ነው)
- በሙሉ ስማችሁ የተከፈተ ኢሜይል፤ በቅጽል ስም የተከፈተውን ለጓደኛ ተዉት
- ሰነድ ስካን የሚያደርግ አፕ ያለው ስልክ
- አንድ ደብተር
- ለፓስፖርት፣ ለፈተና፣ ለሰነድ ማረጋገጫና አዲስ አበባ ለመመላለሻ የሚሆን ገንዘብ

ደብተሩን በዋዛ አትዩት። የእያንዳንዱን ማመልከቻ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል፣ የመዝጊያ ቀንና የጎደለ ሰነድ የምትይዙበት እሱ ነው። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰረቃል።

1. ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አድርጉ

የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱን፣ ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የልደት ሰርተፊኬቱን፣ የፋይዳ መታወቂያውንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ውጭ ያለው ሠራተኛ አማርኛውን አያነብም። ለእሱ በ«ቲ» የጀመረችው ጽጌና በ«ቲ ኤስ» የጀመረችው ጽጌ ሁለት ሰዎች ናቸው።

የአያቴ ስም ዲግሪዬ ላይ አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር። ያወቅሁት የመግቢያ ደብዳቤ ከመጣልኝ በኋላ፣ ቪዛ ልጠይቅ ስዘጋጅ ነው። ለማስተካከል ሦስት ጊዜ በአውቶቡስ ተመላለስኩ። ክረምት ስለነበር ፈራሚው ፈቃድ ላይ ነበር። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም። ከዓመት በፊት አይቼው ቢሆን የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ ነገሩ ይቀላል። ማመልከቻውን ስትሞሉ ስማችሁን ዲግሪያችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። ፓስፖርቱ ካላችሁና ከዲግሪው ከተለየ ግን ሬጅስትራር ሄዳችሁ ማስተካከያ ጠይቁ። ካልተቻለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ሕጋዊ ማስረጃ አውጡና ከሰነዶቻችሁ ጋር አያይዙት።

ፎርሞቹ «ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም» ይላሉ። የእኛ ስም ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። አንዱ ማመልከቻ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም «ላስት ኔም» ሆኖ ከተሞላ ኋላ ቪዛ ላይ ይጋጫል። ደንቡ አንድ ነው፦ ፓስፖርታችሁ ላይ በ«ሰርኔም» መስመር የታተመውን ስም በሁሉም ቦታ «ላስት ኔም» አድርጉ።

ቀጥሎ የልደት ቀን። ጥር 12 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 21 ቀን 2000 ነው። 12/05/1992 ብሎ እንዳለ ከሞላው ግን ራሱን ስምንት ዓመት ሊሞላ በጥቂት ወራት በቀረ ዕድሜ አስረጀ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ከ30 ዓመት በታች የሆኑትን ብቻ ስለሚቀበል ይህ ልጅ ማንም ፋይሉን ሳያየው ይወድቃል። የምረቃ ዓመትም እንዲሁ ነው። 2016 ዓ.ም. ክረምት የተመረቀ ሰው 2024 ብሎ ይጻፍ።

2. ፓስፖርት አሁኑኑ አውጡ

ስኮላርሺፕ እስኪገኝ አትጠብቁ። ብዙ ማመልከቻዎች የፓስፖርት ቁጥር ይጠይቃሉ። ማውጫው ኦንላይን ነው፤ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ራሱ ያስተናግዳል። ለደላላ አትክፈሉ። ደላላው የሚሞላው እናንተ የምትሞሉትን ፎርም ነው፤ ስማችሁን ሲያበላሽ ደግሞ የሚመላለሰው እሱ አይደለም።

3. ከሬጅስትራር ሁሉንም በአንድ ጉዞ አውጡ

ዩኒቨርሲቲያችሁ ከቤት ሩቅ ከሆነ ጉዞው ራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ፦ ስቱደንት ኮፒ (ለራሳችሁ የሚሰጠው የትራንስክሪፕት ቅጂ)፣ የእንግሊዝኛ ትምህርት ደብዳቤ፣ የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ ትራንስክሪፕቱ ላይ ከሌለ እሱን፣ እንዲሁም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በኢሜይል ወይም በፖስታ እንዴት እንደሚላክና ማን እንደሚልከው። የሠራተኛውን ስልክ ያዙ። ኋላ በጣም ያስፈልጋችኋል።

ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ውል አለበት። ኮስት ሼሪንጉ ሳይዘጋ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በአብዛኛው አይሰጥም። ለማመልከት ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ለመመዝገብ ግን ውጭ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዋናውን ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የዕዳችሁን መጠን ዛሬ እወቁ፤ ከዚያ በየወሩ የምትችሉትን አስቀምጡ። ብዙ ልጆች የሚደነግጡት የመግቢያ ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው ይህን ሲሰሙ ነው።

የመጨረሻ ዓመት ላይ ያላችሁ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን አስቡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ ዲግሪ የለም። ማመልከት ትችላላችሁ፤ ግን ፈተናው ላይ ከወደቃችሁ የተገኘው ዕድል ሊያመልጥ ስለሚችል የማመልከቻው ሥራ የጥናቱን ጊዜ እንዳይበላ።

4. እንግሊዝኛችሁን የሚያሳይ ወረቀት አዘጋጁ

በመጀመሪያ የሬጅስትራሩን ደብዳቤ የሚቀበሉትን ፕሮግራሞች ፈልጉ፤ ጥቂት አይደሉም። አይልትስ አዲስ አበባ ውስጥ ይሰጣል፤ ክፍያው ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ ውጤቱ የሚያገለግለውም 2 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ያለ በቂ ልምምድ አትቀመጡ። ለመለማመጃ የሚሆኑ የቆዩ ፈተናዎች በነጻ ይገኛሉ። ሰዓት ይዛችሁ አራት አምስቱን ሥሩ። በአብዛኛው የሚጥለን ራይቲንግ ነው። የጻፋችሁትን ለሚያርም ሰው አሳዩ።

5. ለሁኔታችሁ የሚሆኑ ከ4 እስከ 6 ስኮላርሺፖች ምረጡ

ሃያ ቦታ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከመላክ አምስት ቦታ በደንብ ማመልከት ይሻላል። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የሥራ ልምድ አለኝ ወይስ የለኝም?

ሥራ ያልጀመራችሁ ከሆነ ኢራስመስ ሙንዱስን ተመልከቱ። ቢያንስ ሁለት አገር ውስጥ የሚሰጥ የጋራ ማስተርስ ነው። ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይከፍላል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪም ማመልከት ይችላል። አንድ ማዕከላዊ ማመልከቻ የለውም፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ድረ ገጽና የራሱ መስፈርት አለው። አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ይቀበላሉ። የአውሮፕላን ትኬቱም ከዚያው ከ1,400 ዩሮ እንደሚወጣ ልብ በሉ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሀንጋሪው ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩምም የሥራ ልምድ አይጠይቅም። ትምህርቱ ነጻ ነው፤ ዶርም ወይም የቤት ኪራይ ድጎማ ይሰጣል። የኪስ ገንዘቡ ግን ትንሽ ነው፤ ለማስተርስ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት ሲሆን ለመኖሪያ ብቻውን አይበቃም። ትኬትም አይሸፍንም። ኦንላይን ከማመልከት በተጨማሪ የላኪው አገር ተቋም እጩ አድርጎ ሊያቀርባችሁ ይገባል። ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴርን ማስታወቂያ አብራችሁ ተከታተሉ። አንዱን አድርጎ ሌላውን የረሳ ማመልከቻው ይቀራል።

የቱርኩ ቱርኪዬ ቡርስላሪ በየዓመቱ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ያመለክቱበታል። በእኛ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ማለት ነው። ትኬት፣ ዶርም፣ የጤና መድንና ወርሃዊ ክፍያ አለው። የመጀመሪያው ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ነው፤ ያንን ዓመት ቁጠሩት።

ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራችሁ ከሆነ ሌላ በር አለ። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ስትጨርሱ አገር ቤት ሁለት ዓመት ለመቆየት ትፈርማላችሁ። በክረምት ይከፈትና በመስከረም ወይም በጥቅምት ይዘጋል። የጀርመኑ ዳአድ ደግሞ ከልማት ጋር ለተያያዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ዲግሪያችሁም ከስድስት ዓመት የበለጠ መሆን የለበትም። ማመልከቻው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ነው የሚላከው። የአሜሪካው ፉልብራይትም አለ፤ በቪዛው ምክንያት ከትምህርቱ በኋላ የሁለት ዓመት አገር ቤት የመመለስ ግዴታ ሊኖርበት እንደሚችል አውቃችሁ ግቡ።

የቤተሰባችሁ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ ፕሮግራምን አትለፉት። ኤድንብራና ካምብሪጅን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አለ፤ አገር ቤትም አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች አጋሮቹ ናቸው። የቤተሰብን አቅም ራሱ መስፈርት አድርጎ ያያል። ሌሎቹ ጋ ዝም የምትሉትን ነገር እዚህ በማስረጃ ታቀርባላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመግቢያ ደብዳቤ ማለት ስኮላርሺፕ ማለት አይደለም። «ጀርመን ትምህርት ነጻ ነው» የሚለውን ሰምታችሁ ቅበላ ብቻ ይዛችሁ ኤምባሲ ብትሄዱ የዓመት ኑሮ የሚሸፍን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) አሳዩ ትባላላችሁ። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ይህ መጠን 11,904 ዩሮ ነው። ቤተሰብ በሬ ሸጦ የሚሞላው ቀዳዳ አይደለም። ሙሉ ወጪ የሚሸፍነውን ብቻ ምረጡ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ከላይ የጠቀስኳቸው የመንግሥት ስኮላርሺፖች ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚላችሁ ሰው አጭበርባሪ ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው የማመልከቻ ክፍያ አላቸው። ያን ጊዜ ለመግቢያ ቢሮው ኢሜይል ጻፉና ክፍያው እንዲነሳላችሁ ጠይቁ። ሁለት መስመር ይበቃል። ብዙዎቻችን መጠየቅ እንደሚቻል እንኳ አናውቅም።

6. የመዝጊያ ቀኖቹን በእኛ ካሌንደርና በእኛ ሰዓት ጻፉ

ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጉ። ሰዓቱንም እንዲሁ። ለምሳሌ የሀንጋሪው ባለፉት ዓመታት የተዘጋው ጃንዋሪ 15 በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 14፡00 ላይ ነው። በእኛ ጥር 7 ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት ነው። «እስከ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለኝ» ያለ ሰው ማታ ሲገባ ተዘግቶ ያገኘዋል።

በዓላቱንም ቁጠሩ። ያ ቀን የሚውለው በገናና በጥምቀት መካከል ነው። በዚያ ሰሞን ሬጅስትራር ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። አውሮፓውያኑ ደግሞ ከዲሴምበር 24 ጀምሮ ቢሮ ስለሚዘጉ ለጥያቄያችሁ መልስ አይመጣም። ስለዚህ የራሳችሁን መዝጊያ ቀን ታኅሣሥ 10 አድርጉት። ኢንተርኔትም መብራትም የሚጠፋበት አገር ነው፤ የመጨረሻውን ቀን አትመኑ።

7. ሪኮመንዴሽን ከወር ተኩል በፊት ጠይቁ

ከሁሉም በላይ ማመልከቻ የሚያበላሸው ይህ ነው። ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ማንን? ትልቅ ማዕረግ ያለውን ሳይሆን በደንብ የሚያውቃችሁን። የሲኒየር ፕሮጀክት አማካሪያችሁ ስለ ሥራችሁ አንድ እውነተኛ ነገር መናገር ይችላል። ስማችሁን የማያስታውስ ዲን ግን «ጎበዝ ተማሪ ነው» ከማለት አያልፍም። መራጮቹ ይህን ዓረፍተ ነገር በቀን መቶ ጊዜ ያነባሉ።

እንዴት? በአካል ሂዱ፤ ካልተቻለ ደውሉ። ከዚያ በኢሜይል አንድ ገጽ ላኩላቸው። በውስጡ፦ የትኛውን ኮርስ በስንት ዓ.ም. እንዳስተማሯችሁ፣ ያገኛችሁት ውጤት፣ የሠራችሁት ፕሮጀክት፣ ለምን ፕሮግራም እንደምታመለክቱ፣ መዝጊያው ቀን፣ ደብዳቤው በምን መንገድ እንደሚላክ። ሲቪያችሁንም አያይዙ። መምህሩ ብዙ ተማሪ አስተምሯል፤ አስታውሱት።

አገራችን ውስጥ የተለመደ አንድ መልስ አለ፦ «ራስህ ጽፈህ አምጣ፤ እፈርማለሁ።» ክፋት የለውም፤ ጊዜ አጥተው ነው። ግን ሦስቱም ደብዳቤ በእናንተ አጻጻፍ ከሆነ አንባቢው ወዲያው ያውቃል። እኔ የማደርገው ይህን ነበር፦ «ዶክተር፣ ነጥቦቹን ላዘጋጅልዎትና እርስዎ በራስዎ ቃል ቢያደርጉልኝ?» ያንን አንድ ገጽ ሰጠኋቸው። ሁለቱ እሺ አሉ። ሦስተኛውን ተውኩና ሌላ ሰው ፈለግሁ።

ብዙ ድረ ገጾች ለመምህሩ በቀጥታ ሊንክ ይልካሉ። የተቋም ኢሜይል የሚጠይቁም አሉ። መምህሩ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል የማይከፍት ከሆነ ሊንኩ እዚያው ይቀራል። ቀድማችሁ የትኛውን ኢሜይል እንደሚያዩ ጠይቁ፤ ሊንኩ እንደተላከ ደውላችሁ ንገሯቸው፤ «ስፓም» የሚለውን እንዲያዩ አሳስቡ። ከሳምንት በኋላ በትሕትና አስታውሱ። ማስታወስ ነውር አይደለም። ይሉኝታ ብዙ ማመልከቻ ሲያበላሽ አይቻለሁ።

8. ደብዳቤውን ከራሳችሁ ሕይወት ጻፉት

ሞቲቬሽን ሌተር፣ ማለትም ለምን እንደምታመለክቱ ራሳችሁ የምትጽፉት ደብዳቤ፣ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ምን ሠራችሁ? ለምን ይህ ፕሮግራም? ከዚያ ምን ትሠራላችሁ?

የቤተሰብ ታሪክ ጻፉ፤ ግን እንደ ልመና አይሁን። «ከድሃ ቤተሰብ ነው የመጣሁት፤ እባካችሁ ዕድሉን ስጡኝ» የሚል ደብዳቤ ስለ ችሎታችሁ ምንም አይናገርም። ይህን ተመልከቱ፦ «አባቴ ማንበብ ስለማይችል የማዳበሪያ ብድሩን ወረቀት የማነብለት ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ እኔ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌንም የሠራሁት በዚያው ጉዳይ ነው፤ 60 ገበሬዎችን ጠይቄ ብድሩ በየትኛው ወር እንደሚከብዳቸው ለየሁ።» ድህነቱ አለ። ችሎታውም አብሮ አለ። አንባቢው ከዚህ ሰው ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

ለምን ይህ ፕሮግራም ለሚለው ሁለት የኮርስ ስም ጥቀሱ፤ ከሥራችሁ ጋር አያይዙት። «ዩኒቨርሲቲያችሁ በዓለም ታዋቂ ስለሆነ» አይበቃም፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ቀይሮ ለሌላ መላክ የሚቻል ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይውጣ።

ከኢንተርኔት ናሙና አትቅዱ። በኤአይ ሙሉውን አታስጽፉ። ብዙ ፕሮግራሞች መመሳሰልን በሶፍትዌር ይፈትሻሉ። ቃለ መጠይቅ ላይም የጻፋችሁትን አብራሩ ስትባሉ ይታወቃል። ረቂቁን ለሁለት ሰው አስነብቡ፦ አንዱ ሙያውን የሚያውቅ፣ ሌላው የማያውቅ። የማያውቀው ካልገባው ገና ነው።

9. ስካን አድርጉ፣ ስም ስጡ፣ ላኩ

ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ፤ በስካን አፕ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ። ጥላ የወደቀበትና ጠርዙ የተቆረጠ ሰነድ ማኅተሙ ስለማይታይ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ፋይል ስማችሁንና የሰነዱን ዓይነት ስጡት፤ «ስካን 003» የሚል ፋይል ከሌላ ሰው ጋር ይቀላቀላል። የተፈቀደውን የፋይል መጠን አስቀድማችሁ እዩ። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ሰነድ ካለ ሕጋዊ ትርጉም አሠሩለት። ሁሉንም ኢሜይላችሁ ላይ ቅጂ አስቀምጡ። ከላካችሁ በኋላ የማረጋገጫ ኢሜይል መምጣቱን አረጋግጡ። ያልመጣ ከሆነ ማመልከቻው «ድራፍት» ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

10. ለቃለ መጠይቅ ተዘጋጁ

በአብዛኛው በቪዲዮ ነው። ኔትወርኩ ጠንካራ የሆነበትን ቦታ ከአንድ ቀን በፊት በተመሳሳይ ሰዓት ሞክሩ። ዳታ ሙሉ፤ ሁለተኛ ሲም ያዙ። መልሳችሁ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። እኛ ስለራሳችን መናገር እንደ ጉራ ስለሚሰማን «ሠራን» እንላለን። እነሱ ደግሞ የእናንተን ድርሻ ነው የሚፈልጉት። «እኔ መረጃውን ሰበሰብኩ፤ ጓደኛዬ ተነተነው» በሉ። እውነትም ነው፤ ግልጽም ነው።

11. ከተቀበላችሁ በኋላ

ቪዛ፦ የኤምባሲውን ዝርዝር ራሱ ኤምባሲው ካወጣው ገጽ አንብቡ፤ ከቴሌግራም ግሩፕ አትቅዱ። ቀጠሮ ቶሎ ይሞላል፤ ደብዳቤው በደረሰ ቀን ያዙ። ወደ እንግሊዝ ከስድስት ወር በላይ የሚሄድ ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የሳምባ ነቀርሳ ምርመራ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንዲረጋገጥ ከተጠየቃችሁ አስቀድማችሁ ጀምሩት፤ ቅደም ተከተል አለው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይቀበልም።

የመጀመሪያው ወር ገንዘብ፦ ኢራስመስ ሙንዱስን የመሳሰሉት የመጀመሪያውን ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚለቁት እዚያ ደርሳችሁ፣ ተመዝግባችሁ፣ የባንክ ሒሳብ ከከፈታችሁ በኋላ ነው። ትኬት፣ የቤት ማስያዣና የወር ምግብ ግን ከዚያ በፊት ይመጣል። ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ጻፉ፤ ቅድመ ክፍያ ወይም ጊዜያዊ ማረፊያ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ለሦስት ሳምንት የዶርም ክፍያ ታግሠውልኛል። ባልጠይቅ ማንም አይነግረኝም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህር ወይም ረዳት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ የትምህርት ፈቃድ፣ ውልና ዋስ ይጠየቃል። ዋስ የሚሆነው ሰው ለዓመታት በስሙ ተጠያቂ ነው። ውሉን አብራችሁት አንብቡ፤ ሳይገባው አይፈርም።

ቤተሰብ፦ ይህን የሚጠይቀኝ የለም፤ ግን ብዙ ልጅ የሚቸገረው እዚህ ነው። ወላጆቻችን «ተመርቆ ይደግፈናል» ብለው ጠብቀዋል። ውጭ መሄድ ደግሞ ወዲያው ገንዘብ መላክ ይመስላቸዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ በቁጥር ንገሯቸው፦ ስኮላርሺፑ ይህን ያህል ነው፤ ቤት ኪራይ ይህን ያህል ይወስዳል፤ የሚተርፈው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ኪራይና ምግብ ሳታዩ በየወሩ ይህን እልካለሁ ብላችሁ ቃል አትግቡ። ቃል ገብቶ ሲያቅተው ትምህርቱን ትቶ ከተፈቀደለት ሰዓት በላይ ሥራ የገባ ልጅ አውቃለሁ፤ ቪዛው ላይ ችግር መጣበት። ታናናሾች ካሉ ደብተርና የትምህርት ቤት ክፍያን የመሰለ የተወሰነ ነገር ያዙ። እሱን ግን አታስተጓጉሉ።

የመጨረሻው ወረቀት ውክልና ነው። ከመብረራችሁ በፊት ለምታምኑት ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ውክልና ስጡ። በውስጡ ከዩኒቨርሲቲው ዲግሪና ትራንስክሪፕት መቀበል፣ ኮስት ሼሪንግ መክፈል፣ ሰነድ ማስረጋገጥ የሚሉት በስም ይጻፉ። ዝም ብሎ «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ውክልና አንዳንድ ቢሮ አይቀበለውም። እዚያ ሆናችሁ ዋናው ዲግሪ ሲያስፈልግ ሬጅስትራሩ ለሌላ ሰው ያለ ውክልና አይሰጥም። ውክልናውን ከውጭ በኤምባሲ በኩል ለመላክ ደግሞ ሳምንታትና ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ዋናውን ለወንድማችሁ ተዉለት፤ ኮፒውን ሻንጣችሁ ውስጥ ያዙ።